ግቢ ውስጥ ከልጆች ጋር ነፍሳት መመልከት፦ ለሐዋሳ ክረምት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆች ቤት ናቸው። ቁርስ ተበልቶ ሳያልቅ "ስልክሽን ስጪኝ" ይመጣል። ከዚህ ለመገላገል ግቢ ውስጥ ነፍሳት መመልከት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ወጪም የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ሐሳቡ መዓት ነው፤ አብዛኛው ግን የልጆች እረፍት ከደረቅና ከፀሐያማ ወቅት ጋር ለሚገጥምላቸው አገሮች የተጻፈ ነው። እኛ ሐዋሳ ልጆች የሚያርፉት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ይዘንባል፣ ሣሩ እርጥብ ነው፣ ማታ ትንኝ አለ። በሌላ በኩል ነፍሳቱን የሚያወጣው ይኼው ዝናብ ነው፤ ቅጠል ሲለመልም በላተኛው ይመጣል፣ በላተኛውን የሚበላውም ይከተላል።

እዚህ ስምንት መንገዶችን አነጻጽራለሁ። የሚገዛ ዕቃ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታያላችሁ።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መስፈርት የማነው ልፋት የሚለው ነው። ልጅ "እኔ እንከባከበዋለሁ" ብሎ ያመጣው ነገር በሦስተኛው ቀን የእናቱ ሥራ እንደሚሆን ማንም ወላጅ ያውቀዋል። ስለዚህ የቀን ተቀን እንክብካቤ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን መለየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ውጤቱ በስንት ጊዜ ይታያል የሚለው ነው። የአራት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ ይጠብቃችኋል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ውስጥ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ሳምንታት የሚፈጅ ነገር ከተሰጠው ይበልጥ ይይዘዋል።

ሦስተኛው ዝናብ ነው። ዘነበ ተብሎ የሚበላሽ ነገር ለክረምት አይሆንም፤ ቢያንስ በዝናብ ቀን የሚሠራ አንድ አማራጭ ያስፈልጋችኋል።

አራተኛው አደጋ። የሚነድፍ፣ የሚያቃጥል፣ ወባ የሚያመጣ አለ። አምስተኛው ደግሞ የግቢያችሁ ዓይነት ነው፤ የራስ ግቢ፣ የተከራያችሁት ግቢ ወይም ኮንዶሚኒየም። አከራይ ጓሮ ጉድጓድ መቆፈር ምን እንደሚያስከትል አላስረዳችሁም። ወጪን የመጨረሻ ያደረግኩት ሁሉም ርካሽ ስለሆነ ነው።

ለልጆቹ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው፤ ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት አትቆጠርም። ይቺ ብቻ አንድ ሙሉ ጠዋት እግር ታስቆጥራቸዋለች።

ጃንጥላ ገልብጦ ቅርንጫፍ ማራገፍ

በእኔ ሚዛን አንደኛ ይኼ ነው። ክረምት ስለሆነ ጃንጥላ የሌለው ቤት የለም። ትዘረጉትና ትገለብጡታላችሁ፣ ልጁ ከአቮካዶው ወይም ከማንጎው ቅርንጫፍ ሥር ይይዘዋል፣ እናንተ ቅርንጫፉን በዱላ ሁለት ሦስቴ መታ መታ ታደርጉታላችሁ። ቅጠሉ ላይ የነበረው ሁሉ ጃንጥላው ውስጥ ይራገፋል። በቃ፣ ይኼው ነው።

ጃንጥላው ጥቁር ከሆነ ውስጡ ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት፣ አለበለዚያ ትንንሾቹ አይታዩም። መጀመሪያ ላይ የደረቀ ቅጠልና ቆሻሻ ብቻ ያለ ይመስላል። ልጁ "ምንም የለም" ይላል። ዝም ብላችሁ ትንሽ ጠብቁ። ከቆሻሻው መሐል አንዱ ነቅነቅ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ ሌላው። አፍንጫዋ የረዘመ ትንሽ ጥንዚዛ ስትወድቅ እግሮቿን ሰብስባ የሞተች ትመስላለች፤ አደጋው ያለፈ ሲመስላት አንድ እግር ታወጣለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ተነስታ ትሄዳለች። ይቺን ያየ ልጅ የሚቀጥለውን ዛፍ እስክታራግፉለት ድረስ አያስቀምጣችሁም።

ሰዓቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከዝናብ በኋላ ወዲያው ብታራግፉ የምታገኙት ሻወር ብቻ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲል ጥሩ ነው። ከመምታታችሁ በፊት ደግሞ ቀና ብላችሁ የተርብ ጎጆ ወይም የንብ መንጋ አለመኖሩን እዩ፤ ይኼ የአዋቂ ሥራ ነው፣ ለልጅ አይተውም። እንሰት ካላችሁ እሱን አትምቱት፤ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ በባትሪ መመልከት ይበቃል፣ እዚያ ውስጥ የሚደበቅ አይጠፋም።

ልጆች ብዙ ከሆኑ ሥራ ማከፋፈል ይቻላል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይመታል፣ አንዷ ትቆጥራለች። ጭቅጭቁ ማን ይምታ የሚለው ላይ ነው፤ በተራ አድርጉት።

ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች

ይኼን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን ለዝናብ ቀን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በግድግዳ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ደረቅና ደቃቅ አፈር ላይ፣ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ ክብ ጉድጓዶች አይታችሁ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጣት ቢሰፉ ነው። የሐዋሳ አሸዋማ አፈር ለዚህ የተመቸ ነው።

ጉድጓዱ መሐል አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅ እጭ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣ ነፍሳት፣ አለ፤ ከላይ የሚታየው ቢበዛ መንጋጋው ነው። ጉንዳን ጠርዙን ስትረግጥ አፈሩ ይንሸራተታል። ለመውጣት ስትታገል እጩ ከታች አፈር እየወረወረ ይመታትና መልሶ ያወርዳታል። ጉንዳን መወርወሩ ለሚከብዳችሁ የሣር ዘንግ ይበቃል፤ ጫፏን ጠርዙ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ ብታደርጉ አፈሩ ከታች ሲወረወር ታያላችሁ።

ጉድጓዱን በማንኪያ ከሥሩ ዝቃችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉት። አመድማ፣ ወፍራም፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ነገር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ድርቅ ይላል። ከዚያ መሄድ ሲጀምር ወደ ኋላ ነው የሚሄደው! ልጆች በዚህ ይሞታሉ በሳቅ። ብርጭቆ ውስጥ ደረቅ አፈር ሞልታችሁ ብትከቱት ብዙ ጊዜ በማግሥቱ አዲስ ጉድጓድ ሠርቶ ይገኛል። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ አንዲት ጉንዳን ይበቃዋል፤ ብትረሱትም ረኀብ ቻይ ነው።

ሌላም አለ። ይኼ እጭ አድጎ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ አይጸዳዳም፤ የሆድ ዕቃው መውጫ የለውም፣ ሁሉንም አጠራቅሞ ክንፍ ያወጣ ዕለት ነው የሚያስወግደው። ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ ከነገራችሁት ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራው ይከርማል። ክንፍ ሲያወጣ ደግሞ ቀጭን፣ ረዥም ክንፍ ያለው በራሪ ይሆናል፤ ከጉድጓድ ቆፋሪው ጋር አንድ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ግን ይህን ለማየት አንድ ክረምት አይበቃም፣ እጩ እስኪያድግ ዓመትም ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በቂ ካያችሁት በኋላ ወደነበረበት መልሱት።

ለጉንዳን ምሳ ማቅረብ

ወረቀት ላይ በአራት ጥግ ስኳር፣ ጥቂት ቅቤ፣ የእንቁላል አስኳልና የዳቦ ፍርፋሪ አድርጉ። ጉንዳን በሚመላለስበት አጠገብ አስቀምጡትና ልጁ የትኛው ቶሎ እንደሚወረር ይገምት። መልሱ እንደ ጉንዳኑ ዓይነትና እንደ ሰሞኑ ፍላጎታቸው ይለያያል፤ የሚያዝናናውም ይኼ ነው።

ሰልፍ ከሠሩ በኋላ በረጠበ ጣት መንገዳቸውን አቋርጣችሁ ጥረጉ። ጉንዳኖች መሬት ላይ ጠረን እያኖሩ ነው የሚከተሉት፤ ጠረኑ ሲጠረግ ግራ ይጋባሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ከዚያ መንገዱን መልሰው ያገኙታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በክረምት ጥቅጥቅ ብሎ የሚጓዘውን፣ ራሱ የተለቀ ወታደር ያለውን የጉንዳን ሠራዊት አትነካኩት። ሲነክስ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በሩቁ ይታይ። ጫማ ያላደረገ ሕፃን ካለማ አካባቢው ላይ አትቁሙ።

አበባ ፊት ቁጭ ብሎ መቁጠር

የሚያስፈልገው በርጩማና ትዕግሥት ነው። አሥር ደቂቃ አንድ አበባ ፊት ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ መቁጠር። ለዚህ በሶብላን የሚያክል የለም፤ አበባ ሲያወጣ ንብ ከላዩ አይጠፋም። ሱፍም ጥሩ ነው። ለጌጥ የተተከሉት ቡጌንቪላዎች ግን በቀለማቸው ያታልሉናል እንጂ ንብ ብዙም አይሰበስቡም።

ልጁ አንዲት ንብ መርጦ በዓይኑ ይከተላት። ብዙውን ጊዜ በአንድ ጉዞ የምትጎበኘው አንድ ዓይነት አበባ ነው፤ በሶብላ ከጀመረች በሶብላ በሶብላውን ትሄዳለች። የኋላ እግሮቿ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጓል ካለ የአበባ ዱቄት ተሸክማለች ማለት ነው። እዚያው ንብ መስላ የምትንሳፈፍ ዝንብም ትመጣለች። አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ከዚያ ፈትለክ። ልዩነቱ ክንፍ ላይ ነው፤ ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ዝንብ ሁለት።

ለትንንሾች ይከብዳል፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አሥር ደቂቃ ዝም አይልላችሁም። የንብ መርዝ የሚያሳብጠው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥረው ልጅ ካላችሁ ይኼን መንገድ ዝለሉት። ቀፎ ያለበት ግቢ ከሆነ ከቀፎው በር ፊት ለፊት መቆም ክልክል ነው በሉ፤ ንቦቹ መንገዳቸው ሲዘጋ ይቆጣሉ። ደግሞ አበባ ላይ ጥቁርና ቢጫ ዥንጉርጉር ጥንዚዛ ካያችሁ አትንኩት፤ ከሰውነቱ የሚያወጣው ፈሳሽ ቆዳን ያቆስላል።

አባጨጓሬ ማሳደግ

ልፋት አለው፣ ከስምንቱ ጥልቅ የሆነው ግን ይኼ ነው። ግቢያችሁ ወይም የጎረቤት ግቢ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ነገሩ አልቋል። ለጋ ቅጠሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። የወፍ ኩስ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ነገር ታያላችሁ፤ ብዙው ሰው ኩስ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሱ ነው። ወፍ እንዳይበላው ነው እንዲህ የሚመስለው። ሲያድግ መልኩን ጥሎ አረንጓዴ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ጀርባውን ነካ ብታደርጉት ከራሱ ጀርባ ብርቱካናማ ሹካ የመሰለ ነገር ያወጣና የሚከረፋ ሽታ ይለቃል። ልጆች ይጮኻሉ፣ ከዚያ እንደገና ይነኩታል። ሁለቴ ይበቃል በሏቸው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ማሰሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ላዩን ባረጀ አጎበር ቁራጭና በላስቲክ መሸፈን። አዲስ አጎበር አይሆንም፣ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ይገድለዋል፤ ያረጀውንም ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ወይም ለስላሳ ሻሽ ተጠቀሙ። በየቀኑ ከዚያው ዛፍ ትኩስ ቅጠል። ሎሚ ላይ የተገኘ ጎመን አይበላም። ፀረ ተባይ የተረጨ ዛፍ ቅጠል አትስጡ። ኩሱ በየቀኑ ይጠረጋል፣ ካልሆነ ይሻግታል። ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ውስጡ አቁሙ፣ ሲደርስ ወጥቶ ራሱን በሐር ክር ወገቡ ላይ ያስራል፤ ከዚያ በኋላ መብላት የለም፣ ዝም ነው።

ትልቁን አረንጓዴ ካገኛችሁት እንደ ሙቀቱ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ቢራቢሮ ልታዩ ትችላላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጥቁር ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ትልቅ ቢራቢሮ ነው። ሲወጣ ክንፉ የተጨማደደ ነው፤ ተንጠልጥሎ ደም መሰል ፈሳሽ ወደ ክንፉ እየገፋ ይዘረጋዋል፣ ይህ ሰዓት ይፈጃል። ቀላ ያለ ፈሳሽ ከበታቹ ጠብ ካለ ልጁ "ደማ!" ብሎ ይደነግጣል፤ ቆሻሻውን ማስወገዱ ነው፣ አልተጎዳም። ክንፉ ሳይደርቅ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

አንዳንዴ ከቢራቢሮ ይልቅ ትንንሽ ተርቦች ይወጣሉ። ተርቧ ቀድማ እንቁላሏን አባጨጓሬው ውስጥ ጥላበት ነበር ማለት ነው። ልጆች ይከፋቸዋል። ሁለት ሦስት አባጨጓሬ በተለያየ ዕቃ ማኖር ይህን ይቀንሳል። ፀጉራም አባጨጓሬ ግን አታሳድጉ፤ ፀጉሩ እጅና ዓይን ያሳክካል።

ማታ አንሶላና መብራት

ልጆች የሚወዱት ይህንን ነው፣ ልታስቡበት የሚገባውም ይኼው ነው። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ትሰቅላላችሁ፣ ፊት ለፊቱ አምፖል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ መብራት ከቢጫው ይበልጥ ይስባል። ጨረቃ የሌለበት፣ ደመናማና ሞቅ ያለ ማታ ምርጥ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብትቆዩ ይበቃል። የእሳት እራት በየዓይነቱ፣ ጥንዚዛ፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት ደግሞ ክንፍ ያወጣ ምስጥ። ምስጦቹ መሬት ላይ አርፈው ክንፋቸውን ራሳቸው ሲጥሉት ማየት ብቻውን ትርኢት ነው።

ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ግን አንሶላው በትንኝ እንደሚሸፈን ጠብቁ። ከሐይቁ በብዛት የሚወጡት ትንንሾች አብዛኞቹ አይናከሱም፤ ዓይንና አፍ ውስጥ ገብተው ያስቸግራሉ እንጂ። የሚያሰጋው ከእነሱ ጋር የምትመጣው የወባ ትንኝ ናት። ሐዋሳ ወባ አለ፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ይብሳል። ረዥም እጅጌ፣ ሱሪ፣ ካልሲ፣ የሚቀባ መከላከያ፣ ከዚያ ሲያበቃ በቀጥታ አጎበር ውስጥ። ለዚህ ዝግጁ ካልሆናችሁ አትጀምሩት።

ሌላው ናይሮቢ ፍላይ የሚባለው ነው። ስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ ጥንዚዛ ነው፤ ቀጭን፣ ብርቱካናማና ጥቁር ተራ በተራ የተቀባ ነው። አይነክስም፣ አይነድፍም፤ ቆዳ ላይ ከተጨፈለቀ ግን ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ይቋጥራል። ካረፈባችሁ እፍ ብላችሁ አባርሩት፣ አትምቱት። ከተጨፈለቀ በሳሙና ታጠቡ፣ በዚያ እጅ ዓይን አትንኩ።

ኩባያ መቅበር

የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን ይቀበራል፣ ማታ የሚሄደው ይወድቅበታል፣ ጠዋት ይታያል። በጽሑፍ ያምራል። በክረምት ግን ውሃ ይሞላና የገቡት ይሰምጣሉ። ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሦስት ጠጠር ከፍ አድርጋችሁ ከሸፈናችሁት ይሻላል፣ ግን ጊንጥም ሊገባ ስለሚችል ጠዋት መጀመሪያ አዋቂ ይየው። ለአንድ ቀን ምንም አይልም። ከዚያ በላይ አልመክርም።

የቆመ ውሃ ማደን

አንዳንድ መመሪያዎች ባልዲ ውሃ ግቢ ውስጥ አስቀምጡና የሚመጣውን እዩ ይላሉ። ሐዋሳ ላይ ይህን አታድርጉ። የትንኝ እንቁላል ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሪ ትንኝ ይሆናል፣ ያረባችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

ገልብጣችሁት ግን ግሩም ጨዋታ ይወጣዋል። ልጆች ግቢውን እየዞሩ የቆመ ውሃ ይፈልጉ፤ አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ሰሃን፣ የተሰበረ ጀሪካን። ሲያገኙ በነጭ ሰሃን ጨልፈው ያዩታል። እጩ ከውሃው ገጽ ጋር አግድም ተኝታ ከሆነ የወባ ትንኝ ዘር ናት፤ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ከተንጠለጠለች ሌላ ዓይነት ናት። አይተው ሲጨርሱ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ይድፉት። በሳምንት አንዴ ከደገሙት ግቢውም ይጸዳል። ከስምንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይኼን ከአንሶላው አስበልጬዋለሁ።

በአንድ ላይ ሲታይ

| መንገድ | ውጤት እስኪታይ | የወላጅ ልፋት | ወጪ | ዝናብ ሲሆን | ዕድሜ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጃንጥላ | ወዲያው | ትንሽ | የለም | አይሆንም | ከ4 ጀምሮ | ተርብ፣ ንብ |
| የጣሪያ ሥር ጉድጓድ | ወዲያው | የለም ማለት ይቻላል | የለም | ይሠራል | ከ4 ጀምሮ | የለም |
| የጉንዳን ምሳ | ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት | ትንሽ | የለም | በረንዳ ላይ ብቻ | ከ4 ጀምሮ | የጉንዳን ሠራዊት |
| አበባ ፊት ቆጠራ | 10 ደቂቃ | የለም | የለም | አይሆንም | ከ7 ጀምሮ | የንብ መርዝ የማይስማማው ልጅ |
| አባጨጓሬ | ሳምንታት | በየቀኑ | የለም | ይሠራል | ከ6 ጀምሮ | ፀጉራሙን አለመንካት |
| አንሶላና መብራት | ግማሽ ሰዓት | ብዙ | ትንሽ | አይሆንም | ከ6 ጀምሮ | ወባ፣ ናይሮቢ ፍላይ |
| ኩባያ መቅበር | አንድ ሌሊት | መካከለኛ | የለም | ይበላሻል | ከ7 ጀምሮ | ጊንጥ |
| የቆመ ውሃ ማደን | ወዲያው | ትንሽ | የለም | ከዝናብ በኋላ ምርጥ | ከ8 ጀምሮ | ውሃውን አለመተው |

ለማን የትኛው?

ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ግቢ የለኝም ብላችሁ አትተዉት። በረንዳ ላይ በሶብላ በጣሳ ትከሉ፣ አበባ ሲያወጣ ንቡ ፎቅ ድረስ ይመጣል። አባጨጓሬውም ቤት ውስጥ ያድጋል፤ ቅጠሉን የሚሰጣችሁ ሎሚ ያለው ዘመድ ብቻ ይኑራችሁ። የደረጃው መብራት ሥር ጠዋት ጠዋት ያረፉትን የእሳት እራቶች ማየት ደግሞ ያለ አንሶላና ያለ ትንኝ የማታውን ሥራ ይተካል።

የተከራያችሁት ግቢ ከሆነ ጃንጥላና የጣሪያ ሥር ጉድጓድ። ማንም ምንም አይላችሁም።

ሁለታችሁም ሥራ ውላችሁ የምትገቡና ልጆቹ ከሠራተኛ ጋር የሚውሉ ከሆነ ጉድጓድ ቆፋሪው በብርጭቆና የጉንዳን ምሳ ይበቃሉ። አባጨጓሬን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አትጫኑ። እሑድ ጠዋት ጃንጥላውን እናንተ ራሳችሁ ያዙ።

ከአራት ዓመት እስከ አሥራ ሁለት ድረስ የተደባለቁ ልጆች ካሉ ጃንጥላው ለሁሉም ይሆናል። ትልቋ ያገኙትን ደብተር ላይ ትሣል፣ እግርና ክንፍ ትቁጠር። ነፍሳት የሚፈራ ልጅ ካለ ከጉድጓዱ ጀምሩ፤ የሚያየው ነገር አፈር ውስጥ ስለሆነ አይበርበትም።

ሽርሽር ካማራችሁ ሐይቅ ዳርም ይቻላል። አሞራ ገደል ከሄዳችሁ ግን ልጆቹ አባ ኮዳውን አይተው ነፍሳቱን እንደሚረሱ ከወዲሁ እወቁት።

ስለሚገዛ ዕቃ

ምንም ባትገዙ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል። ጥቂት ብር ካላችሁ ማጉያ ሌንስ ግዙ፤ ትልቅነቱ ሳይሆን ጥራቱ ነው ዋናው፣ እና ትንሿን ሌንስ ወደ ዓይን አስጠግቶ ነገሩን ወደ እሷ ማምጣት ነው ትክክለኛው አያያዝ። በሌንስ ፀሐይ ማየት በፍጹም አይቻልም፣ ይህን ሳትነግሩ አትስጡ። ከዚህ ከፍ ያለ በጀት ካለ ስልክ ላይ የምትሰካ ማጉያ ሌንስ ከየትኛውም መጫወቻ ይበልጣል፤ የእሳት እራት ፊት ስልክ ስክሪን ሞልቶ ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ስልኩን ከልጁ ለማራቅ ነበር የጀመርነው፣ አዎ፣ ግን ለአሥር ደቂቃ ምንም አይልም።

የቢራቢሮ መረብ አትግዙ። ክንፉ ላይ ያለው ዱቄት መሰል ነገር ይረግፋል፣ ክንፍም ይቀደዳል፣ ልጁም ከማየት ይልቅ ማሳደድ ይለምዳል። ተዘጋጅተው የሚሸጡ የነፍሳት ማሳደጊያ ሳጥኖችም ከማሰሮና ከሻሽ የተለየ ሥራ የላቸውም።

የአባጨጓሬው ጊዜ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ማሳደግ ካሰባችሁ በሐምሌ ጀምሩ። ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ትንሹን የኩስ መልክ ያለውን ትታችሁ ትልቁን አረንጓዴ ፈልጉ፤ አለበለዚያ ቢራቢሮው የሚወጣው መስከረም ላይ፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ በተቀመጡበት ጠዋት ይሆናል።